ከጠወለገው የበርበሬ ማሳ እስከ ሬስ ስያሜ፦ የፋይቶፍቶራ ካፕሲሲን ብዝኃነት እንዴት እናጠናለን?

ነሐሴ ላይ ቡሬ አካባቢ አንድ የበርበሬ ማሳ ውስጥ ቆመናል። ባለማሳው ጋሼ አንዱን ተክል ጫፉን ይዘው ሳብ ቢያደርጉት ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። «ትናንት ቆሞ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ከአፈር ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ግን ዙሪያውን ጠቁሯል። ሥሩን በሁለት ጣቴ ጨመቅ አድርጌ ስስበው ልጣጩ እንደ ራሰ ወረቀት ተገፈፈና መሐሉ ያለው ነጭ ክር ብቻ ቀረ። ጎረቤታቸው ከወዲያ ማዶ ሆኖ «እኛ አምና ሌላ ዘር ቀይረን ነበር፤ ያውም ሞተ» አለ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ጎረቤት ቅሬታ መልስ ለሚፈልግ ሰው ነው። የማስተርስ ተማሪ፣ የምርምር ማዕከል ቴክኒሻን ወይም የወረዳ ሰብል ጥበቃ ባለሙያ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ዘር ተቀይሮ በሽታው ያው ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት በሽታ አምጪው፣ ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ፣ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ሊሆን ይችላል። አንድ ማሳ ላይ የቻለ በርበሬ ሌላው ማሳ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመናገር ደግሞ ከዘረመልም ከማጥቃት አቅምም በኩል መጠናት አለበት። የትኛውን የበርበሬ ዝርያ እንደሚጥልና የትኛው እንደሚችለው ታይቶ የሚለየው ቡድን ሬስ ይባላል።

ስለ ጠላታችን ጥቂት

ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ ሻጋታ ይመስላል እንጂ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም። ኦማይሴት ከሚባለው ወገን ነው፤ ከእንጉዳይ ይልቅ ለቡናማ አልጌ ይቀርባል። የሴሉ ግድግዳ እንደ ፈንገስ ከካይቲን ሳይሆን በዋናነት ከግሉካንና ከሴሉሎስ የተሠራ በመሆኑ ለፈንገስ የተሠሩ ብዙ መድኃኒቶች አይነኩትም። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በርበሬ ላይ ተገኝቶ ነው። በርበሬ ብቻም አይበቃውም፤ ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ ዱባና ዱባ መሰሎችን ሁሉ ያጠቃል።

ለብዝኃነት ጥናት ወሳኙ ነገር አረባቡ ነው። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ያለ ተራክቦ ነው፦ ሎሚ የሚመስሉ ስፖራንጂየሞች (የስፖር ከረጢቶች) ውሃ ሲያገኙ ይፈነዱና ጅራት ያላቸው ዞኦስፖሮች በቦይ ውሃ እየዋኙ ከተክል ተክል ይሄዳሉ። ሁሉም የአንድ እናት ቅጂ ናቸው። ሁለተኛው በተራክቦ ነው። ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉ ሁለት የመራቢያ ዓይነቶች ሲገናኙ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ኦኦስፖር ይፈጠራል። ይሄ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ከውስጡ የሚወጣው ደግሞ አዲስ የዘረመል ቅይጥ ነው። በአሜሪካ ሚሺገን ሁለቱም ዓይነቶች አብረው ስለሚገኙ በየማሳው ያለው ዘረመል ልዩ ልዩ ነው። በፔሩ ግን አንድ የቅጂ መስመር ሰፊ አካባቢ ይዞ ተገኝቷል። የእናንተ ወረዳ ወደየትኛው እንደሚያጋድል የሚነግራችሁ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ማሳው ላይ ሦስቱን አጠውልጎች ለዩ

የበርበሬ አጠውልግ ሁሉ ፋይቶፍቶራ አይደለም። ፉዛሪየምና ባክቴሪያም ተክሉን እንዲሁ ያጠወልጋሉ። ላቦራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቢላና አንድ ብርጭቆ ውሃ ብዙ ድካም ያስቀሩላችኋል።

ግንዱን ከአንገቱ በላይ አንድ ጣት ያህል ቁረጡና የተቆረጠው ጫፍ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንዲነካ አንጠልጥላችሁ ያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ባክቴሪያ ነው። ካልፈሰሰ ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቁት። ላዩ ጤነኛ ሆኖ ውስጡ፣ የውሃ መስመሩ፣ ወደ ላይ ርቆ ቡናማ ከሆነና ተክሉም ቀስ በቀስ ቢጫ እየሆነ ከመጣ ፉዛሪየምን ጠርጥሩ። አንገቱ ከውጭ ጠቁሮ ዙሪያውን ከታነቀ፣ ሥሩ ከተላጠ፣ አጠገቡ ያለ ፍሬም ውሃ የነካው መስሎ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ዓይነት ነጭ ነገር ካበቀለ የምትፈልጉት እሱ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ተክል ላይ አብረው መገኘታቸው ግን ብርቅ ስላልሆነ ይሄ ፈተና ናሙና ለመምረጥ እንጂ ለመፍረድ አይበቃም።

ደረጃ 2፦ ናሙና አወሳሰድ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እናገራለሁ፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነውና። በኋላ ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ) ቢሠራ፣ ምርጥ ሶፍትዌር ቢገዛ፣ መጥፎ ናሙናን የሚያድን ነገር የለም።

አንድ ቦይ ላይ ተከታትለው የጠወለጉ 10 ተክሎች ወስዳችሁ «በወረዳው ብዝኃነት የለም» ብትሉ ራሳችሁን አታላችሁ ማለት ነው። ውሃው ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የወሰደው፤ ቅጂዎች መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቢያንስ 3 ተራርቀው ያሉ አካባቢዎች፣ በየአካባቢው 5 ማሳ፣ በየማሳው 10 ተክል። ማሳው ውስጥ በዚግዛግ እሄዳለሁ፤ በናሙናዎቹ መካከል 10 ሜትር ያህል ርቀት እተዋለሁ፤ በተቻለ መጠን ከተለያየ ቦይ እወስዳለሁ። 150 ናሙና ሆነ ማለት ነው። ሁሉም አይበቅልም፤ ግማሹን ብታተርፉ ደስ ይበላችሁ።

የሞተ ተክል አትውሰዱ። ደርቆ የቆመው ላይ የምታገኙት ዘግይተው የመጡ በስባሽ በሊታዎችን ነው። ዛሬ ጠዋት መጠውለግ የጀመረውን ምረጡ፤ ከአንገቱ በታችና በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሥሩ ጋር ቁረጡ፤ አፈሩን አራግፉና በወረቀት ጠቅልሉ። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ካስቀመጣችሁት ማታ የሚጠብቃችሁ ቅቅል ነው።

በየናሙናው የሚጻፈው፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የዝርያው ስም፣ ዘሩ የተገኘበት፣ ያለፉት 3 ዓመታት ሰብሎች፣ የተረጨ መድኃኒትና ስንት ጊዜ እንደተረጨ። ገበሬውን ጠይቃችሁ እዚያው ጻፉ። የዝርያ ስም ላይ ተጠንቀቁ፤ ማረቆ ፋና ተብሎ የሚሸጥ ዘር ሁሉ ማረቆ ፋና አይደለም። «ገበሬው እንዳሉት» ብላችሁ ብትጽፉ ታማኝነት ነው። ጫማችሁንና ቢላችሁን ከማሳ ማሳ ስትሄዱ በበረኪና ውሃ እጠቡ። በሽታ ልናጠና ሄደን በሽታ አከፋፋይ እንዳንሆን።

ደረጃ 3፦ ማውጣት

ናሙናውን በቧንቧ ውሃ በደንብ አጥቡ። ጤናማውና የታመመው ከሚገናኙበት ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቁራጮች አውጡ። 0.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውስጥ 1 ደቂቃ ንከሩ፤ በተጣራና በተቀቀለ ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቁ፤ በንጹሕ ወረቀት ላይ በደንብ አድርቁ። ማድረቁን አትዝለሉ፤ የረጠበ ቁራጭ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል።

መደበኛው ማብቀያ ቪኤይት ከሚባለው የአትክልት ጭማቂ የሚሠራው ነው፦ 160 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፣ 3 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት፣ 15 ግራም አጋር፣ 840 ሚሊ ሊትር ውሃ። ጭማቂው ካልተገኘ የካሮት አጋር ይሠራል፤ ዋናው ጥናቱ እስኪያልቅ አንዱን ይዞ መቀጠል ነው። ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ከሚያመክነው ማሽን) ወጥቶ ለብ ሲል በሊትር 25 ሚሊ ግራም ቤኖሚል፣ 100 ሚሊ ግራም አምፒሲሊን፣ 30 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን እና 100 ሚሊ ግራም ፒሲኤንቢ ጨምሩ። እነዚህ እውነተኛ ፈንገሶችንና ባክቴሪያዎችን ያፍናሉ፤ ፋይቶፍቶራን ይተዉታል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡና ከ2ኛው ቀን ጀምሮ እዩ። ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩ ውስጥ መከፋፈያ የሌለው እድገት ካያችሁ ከጠርዙ ቆርጣችሁ ወደ አዲስ ፔትሪ ዲሽ አዛውሩ።

አሁን ተማሪዎች ሊዘሉት የሚፈልጉት ሥራ መጣ፤ ከአንድ ዞኦስፖር ማሳደግ። ያደገው ከአንድ ተክል ስለወጣ አንድ ግለሰብ ነው ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ አብረው ሊበቅሉ ይችላሉ፤ ያ ቅልቅል በኋላ የዘረመል ውጤቱንም የሬስ ውጤቱንም ያምታታል። ስለዚህ ባህሉን (ዲሹ ላይ ያደገውን) ብርሃን ላይ ለጥቂት ቀናት አቆዩና ስፖራንጂየም ሲያበዛ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሸፍኑት። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት በክፍሉ ሙቀት። ማይክሮስኮፕ ስር ዞኦስፖሮቹ እንደ ገበያ ሕዝብ ሲተራመሱ ታያላችሁ፤ ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም። አቅጥናችሁ ውሃና አጋር ብቻ ባለበት ዲሽ ላይ አሰራጩ፤ በማግስቱ ለብቻው የበቀለ አንዱን በመርፌ ጫፍ አንሱ።

ማስቀመጫው ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ እንደ ፉዛሪየም ባህሎቻችን ሁሉ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳወጣቸው አንዱም አልበቀለም። የአንድ ክረምት የማሳ ሥራ ሄደ። ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ ብርድ አይወድም። አጋር ቁራጮችን በታሸገ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በ15 ዲግሪ አካባቢ፣ ካልሆነም ጥላ ባለበት በክፍሉ ሙቀት አስቀምጡ። ሁለት ቅጂ፣ በሁለት ክፍል።

ደረጃ 4፦ ማንነት፣ የመራቢያ ዓይነት፣ መድኃኒት

መልኩ ይመራል፤ ጫፉ ላይ ጡት መሰል እብጠትና ረጅም ዘንግ ያለው ስፖራንጂየም ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን ፋይቶፍቶራ ትሮፒካሊስ የሚባል በጣም የሚመስለው ዘመድ አለው። ዝርያን ለመለየት የሚያገለግለውን አይቲኤስ የሚባል የዲኤንኤ ክፍል አስነብቡ፤ የሚያጠራጥር ካለ አንድ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ጨምሩበት።

የመራቢያ ዓይነቱን ለማወቅ የታወቀ ኤ1 እና የታወቀ ኤ2 ያስፈልጋችኋል። የእናንተን አይሶሌት (ከናሙና ለይታችሁ ያወጣችሁትን ንጹሕ ባህል) ከእያንዳንዳቸው ጋር በተለያየ ዲሽ ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ ጨለማ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት አቆዩ፤ የተገናኙበትን መስመር ቆርጣችሁ ኦኦስፖር ፈልጉ። ከኤ1 ጋር ከፈጠረ ኤ2 ነው። ብቻውን ተቀምጦ የማይፈጥር መሆኑንም በሦስተኛ ዲሽ አረጋግጡ። በአንድ ማሳ ሁለቱ ዓይነቶች ተቀራራቢ ቁጥር ካላቸው ተራክቦ አለ ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነው፤ ያ ማሳ ላይ ሰብል ማፈራረቅ ብቻውን በሽታውን ያጠፋል ብላችሁ ለገበሬው ቃል አትግቡ።

ሪዶሚል የማያውቅ የአትክልት ገበሬ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሪዶሚል ውስጥ ያለውን የሜታላክሲልን ፈተና ሥሩ። ሥራው ቀላል ነው፦ በሊትር 100 ሚሊ ግራም መድኃኒቱ የገባበትና ያልገባበት ዲሽ ላይ አብቅላችሁ ስፋቱን ለኩ። መድኃኒት ላይ ያደገው ያለ መድኃኒት ካደገው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይጎዳዋል፤ ከ30 እስከ 90 መካከለኛ፤ ከ90 በላይ ከሆነ ተለማምዷል ይባላል።

ደረጃ 5፦ የማጥቃት አቅም

መጀመሪያ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩ። 20 አይሶሌት፣ 8 ዝርያ፣ 3 ድግግሞሽ፣ በየድግግሞሹ 8 ችግኝ ቢሆን 3,840 ችግኝ ነው፤ ውሃ ብቻ የሚጠጡት 192 ማነጻጸሪያዎች ሲጨመሩ ከ4,000 ያልፋል። ግሪንሃውሳችሁ ይችለዋል? ካልቻለ በየድግግሞሹ ያለውን ችግኝ ሳይሆን የአይሶሌቱን ቁጥር ቀንሱ፤ በአካባቢ፣ በመራቢያ ዓይነትና በዘረመል ቡድን ወካይ የሆኑ 10 ወይም 12 ምረጡ።

ዝርያዎቹ ውስጥ የግድ የሚገቡ ሁለት አሉ። አንዱ ከሜክሲኮ የተገኘው ሲኤም 334፣ እስካሁን ከታወቁት እጅግ ጠንካራው፤ ሌላው እንደ ኧርሊ ሃላፔኞ ያለ በቀላሉ የሚሞት። የኒው ሜክሲኮ ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው ያወጧቸው መስመሮች ሬስ ለመለየት ያገለግላሉ። ከእኛ ማረቆ ፋና፣ ባኮ ሎካል፣ መልካ ሾቴ፣ መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜ ይጨመሩ። ዘር ከውጭ ስታስመጡ የኳራንታይን ፈቃድ፣ አይሶሌት ወይም ዲኤንኤ ወደ ውጭ ስትልኩ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ጥናቱ ሲጀመር ጀምሩት፤ ሲያልቅ አይደለም።

ባህሉ ብዙ ጊዜ ከዲሽ ዲሽ ሲዘዋወር የማጥቃት አቅሙ ሊደክም ይችላል። ከፈተናው በፊት በሚሞተው ዝርያ ላይ አንዴ አሳልፉትና እንደገና አውጡት።

ችግኞቹ ከ4 እስከ 6 ቅጠል ሲያወጡ ዞኦስፖሩን አዘጋጁ። መቁጠሪያ ስላይዱ ላይ ዞኦስፖር ዝም ብሎ አይቆጠርላችሁም፤ ትንሽ ናሙና ወስዳችሁ ለ1 ደቂቃ በኃይል ናጡት፤ ጅራቱን ጥሎ ይቆማል። በአንዱ ትልቅ ካሬ በአማካይ 12 ከቆጠራችሁ በሚሊ ሊትር 120,000 ማለት ነው። የምንፈልገው 2,000 ስለሆነ 1 እጅ ዞኦስፖር ከ59 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በየችግኙ ሥር 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 10,000 ዞኦስፖር አፍስሱ። አፈሩን ከዚያ በፊት በውሃ አጥግቡት፤ ለ24 ሰዓትም እንዳይደርቅ አድርጉ። የናጣችሁትን ሳይሆን የሚዋኘውን አፍስሱ!

ከ7ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 21ኛው ቀን ከ0 እስከ 9 ነጥብ ስጡ፤ 0 ምንም ያልነካው፣ 9 የሞተ ነው። በመጨረሻው ቀን ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡና እዩ፤ ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ሥሩ ያለቀ ተክል አለ። «ቻለ» እና «ወደቀ» የሚለውን ወሰን ውጤቱን ሳታዩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሲኤም 334 ላይ ብዙ ሞት ካያችሁ ቶሎ «አዲስ ሬስ አገኘሁ» አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ የዘር ቅልቅል ወይም የዞኦስፖር ብዛት ስህተት ነው። ድገሙት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሥር ላይ የሚቋቋም በርበሬ ቅጠሉ ላይ ላይቋቋም ይችላል። የሥር፣ የግንድና የቅጠል መቋቋም በተለያዩ ዘረመሎች እንደሚመሩ ታይቷል። ስለዚህ «ሬስ 3» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የሥር ፈተና ይሁን የቅጠል ግለጹ። የሬስ ቁጥር ራሱም በመለያ ዝርያዎቹ ብዛት ይወሰናል፤ በ8 ዝርያ 256 የተለያዩ የ«ቻለ»ና «ወደቀ» ቅንብሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ብዙ ሬስ አገኘሁ የሚል ሰው መጀመሪያ በስንት ዝርያ እንደፈተነ ይጠየቅ።

ደረጃ 6፦ ዘረመሉ

ከ8 እስከ 12 ማይክሮሳቴላይት ማርከር (ርዝመታቸው ከግለሰብ ግለሰብ የሚለያይ ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍሎች) ለመነሻ ይበቃል። ገንዘብ ካለ በመላ ዘረመሉ ላይ የተበተኑ የነጠላ ፊደል ልዩነቶችን ማንበብ ይሻላል። ተህዋሱ እንደ እኛው ሁለት ሁለት ቅጂ ዘረመል ስላለው በአንድ ማርከር ላይ የሚጠበቀው ቢበዛ 2 የተለያየ ርዝመት ነው። ሦስት ካያችሁ መጀመሪያ ቅልቅልን ጠርጥሩና ወደ ነጠላ ዞኦስፖሩ ተመለሱ።

ትንተናው ላይ የመጀመሪያው ሥራ ቅጂዎችን መለየት ነው። በሁሉም ማርከር አንድ የሆኑትን እንደ አንድ ቤተሰብ ቁጠሩ፤ ከዚያ ሒሳቡን ሁለቴ ሥሩ፦ አንዴ ሁሉንም ይዛችሁ፣ አንዴ ከየማሳው ከእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ብቻ አስቀርታችሁ። ይህ ካልተደረገ በቦይ ውሃ የተበተነ አንድ ቅጂ የሕዝቡን ሁሉ መልክ ያበላሻል። በአር የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ፖፕር የሚባል ሶፍትዌር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በነፃ ይገኛል። በአካባቢዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ አንድ ቅጂ በሩቅ ወረዳዎች ከተገኘ፣ ችግኝ ወይም ፍሬ ከየት ወደ የት እንደሚጫን ጠይቁ፤ መልሱ የመኪና መንገዱ ላይ ነው።

አሁን ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጉ። ብዙ ሰው የዘረመል ቡድኑና ሬሱ ተገጣጥመው እንዲወጡ ይመኛል፤ ሳይገጥሙ ሲቀሩም ስህተት የሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ማርከሮቹ የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ። ተክሉን የሚያጠቁት ፕሮቲኖች ግን በሌላ ዘረመል ላይ ናቸው፤ በፍጥነትም ይለወጣሉ። ይህ ተህዋስ ያለ ተራክቦም ከሁለቱ የዘረመል ቅጂዎቹ አንዱን ሊጥል እንደሚችል፣ አንዳንዴ የመራቢያ ዓይነቱም አብሮ እንደሚቀየር ታውቋል። በማርከር ወንድማማች የሆኑ ሁለት አይሶሌቶች አንዱ ባኮ ሎካልን ገድሎ ሌላው ቢተወው አትደንግጡ፤ ሁለቱንም ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቡ።

ለአዳቃዩ የሚሰጠው

ጥናቱ አልቆ ዝርያ አዳቃዩ «አንድ ኃይለኛ አይሶሌት ስጡኝ» ማለቱ አይቀርም። አንድ ብቻ አትስጡት። በአንድ አይሶሌት የተመረጠ በርበሬ ያንን አይሶሌት ይቋቋማል፤ የጎረቤትየውን ማሳ ግን ላይችለው ይችላል። ቢያንስ ሦስት ምረጡ፦ ብዙ ዝርያ የገደለውን፣ በብዙ ማሳ የተገኘውን ቅጂ፣ እንዲሁም ከተቃራኒው የመራቢያ ዓይነት አንዱን። ሲፈተኑ በየራሳቸው ማሰሮ ይሁኑ፤ ኤ1 እና ኤ2 በአንድ አፈር ውስጥ ከተቀላቀሉ ግሪንሃውሱ ራሱ ኦኦስፖር ማምረቻ ይሆናል። የተጠቀማችሁበትን አፈር፣ ማሰሮና የሞተ ችግኝ በ121 ዲግሪ ቀቅሉ፤ አውቶክሌቩ ትንሽ ከሆነ በየተራ። ከግሪንሃውሱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ አትድፉት፤ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ የት እንደሚወርድ ሄዳችሁ እዩ።